የዴስክቶፕ ፕሮግራም በምን ልሥራ? ጥያቄና መልስ ከደብረ ማርቆስ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ለሱቅና ለመጋዘን ፕሮግራም እሠራለሁ። አንድ ኮድ ጽፋችሁ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ማስኬድ የምትፈልጉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይኸው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጋሼ፣ የምችለው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ብቻ ነው። በምን ልጀምር?

መልስ፦ በቲኪንተር፣ መስኮትና ቁልፍ በሚሠራልህ የፓይተን መሣሪያ። ዊንዶውስ ላይ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለማውረድ ዳታ አትጨርስም። መልኩ አያምርም፣ እሱን እወቅ። ሲጠብህ ኪውት ወደሚባለው ሰፋ ያለ መሣሪያ ትሻገራለህ።

ጥያቄ፦ ኪውት በገንዘብ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የሚሸጥ ፈቃድም አለው፤ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤልጂፒኤል በሚባለው ነፃ ፈቃድም ይገኛል። ኪውትን ከፓይተን ለመጠቀም ሁለት መንገድ አለ። ፓይኪውት ጂፒኤል በሚባለው፣ ስትሰጥ ኮድህንም ግለጥ በሚል ፈቃድ ነው፤ ኮድህን ሳትገልጥ ልትሸጥ ካሰብክ መክፈል አለብህ። ፓይሳይድ ግን በኤልጂፒኤል ስለሆነ ደንቡን ካከበርክ ሳትከፍል ትሸጣለህ። እኔ ፓይሳይድን ነው የምይዘው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ለጤፍ ነጋዴ ሒሳብ መያዣ እየሠራሁ ነው። ድረ ገጽ መሥራት ስለምችል፣ በድረ ገጽ ኮድ የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚያሠራውን ኤሌክትሮን ብጠቀምስ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሰውዬውን ኮምፒውተር እየው። ኤሌክትሮን ክሮሚየም የሚባለውን የድረ ገጽ ማሰሻ ከነኮተቱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ባዶ መስኮት እንኳ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል። እኔ አንዴ አሮጌ ማሽን ላይ ጫንኩላቸውና አንድ አባት «ልጄ፣ ይኼ እስኪከፈት ቡና ይፈላል» አሉኝ። ታውሪ የሚባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ሞክረው። ማሽኑ ላይ ያለውን ዌብቪው (የድረ ገጽ ማሳያ) ስለሚጠቀም ቀላል ነው። አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ግን ላይኖር ስለሚችል የዊንዶውሱን ዌብቪው 2 አብረህ በፍላሽ ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታየኛል።

መልስ፦ ፎንት ነው የጎደለህ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከፕሮግራሙ ጋር አሽገው።

ጥያቄ፦ የኛ ዘመን አቆጣጠርስ?

መልስ፦ ጉዱ እዚህ ላይ ነው! የኪውት ቀን መምረጫ የኢትዮጵያን አያውቅም። በድረ ገጽ ለሚሠራ ይሻላል፤ በድረ ገጽ ቋንቋው በጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል የሚባል መሣሪያ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ያሳያል። መምረጫውን ግን ራስህ ትሠራለህ። ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ አስቀምጥ፣ ስታሳይ ለውጥ። እኔ መምረጫውን ስሠራ ጳጉሜን 5 ላይ ዘጋኋት፤ በዘመነ ሉቃስ 6 እንደምትሆን ረስቼ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ደንበኛዬ ሽያጭ ሊመዘግብ ቢል «የሌለ ቀን» አለው። የዚያን ቀኑን በደብተር ነው የጻፈው።