ከቀለሙ በፊት ላሜራውን፦ የድሮ አሜሪካ መኪኖች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ1966 ፎርድ ማስታንግ ልገዛ ነው። ቀይ ነው፤ ገና መቀባቱ ነው። ሻጩ «ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው» ይላል፣ የጠየቀውም ዋጋ የቪ8 ነው። እውነቱን በምን ልወቅ?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሞተሩን አይተው አይመኑ፤ ሞተር ይቀየራል። ኮፈኑን ያስከፍቱና በሹፌሩ በኩል፣ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ላሜራ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡ። የሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም፤ በሪቬት የተያዘች ናት፣ አዲስ ተሠርታም ትሸጣለች።

ቁጥሩ «6 ኤፍ 07 ሲ» ብሎ ቢጀምር፣ 6 ዓመቱ ነው። ኤፍ ዲርቦርን መገጣጠሙን ይነግርዎታል፤ አር ቢሆን ሳን ሆዜ፣ ቲ ቢሆን ኒው ጀርሲ፣ መታቸን። 07 ቋሚ ጣሪያ ያለው፣ 08 ጣሪያው የሚታጠፈው፣ 09 ጣሪያው እስከ ኋላ ጫፍ ተንሸራቶ የሚወርደው ፋስትባክ ነው። ገንዘቡ ያለው አምስተኛዋ ምልክት ላይ ነው። ሲ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር፣ ኤ ያው ሞተር ባለ አራት ጉሮሮ፣ ኬ ደግሞ ብርቁ ባለ 271 ፈረስ ጉልበት ነው። ቲ ካገኙ መኪናው የተወለደው በ200 ኪዩቢክ ኢንች ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው፤ የሻጩ ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል።

ቀጥሎ የጎማውን ዳዶ ይቁጠሩ። ስድስት ሲሊንደሩ አራት፣ ቪ8ቱ አምስት ነበረው። ቪ8 ሞተር አራት ዳዶ ባለው ጎማ ላይ ካዩ፣ የቀየረው ሰው ሞተሩን ብቻ ቀይሮ ፍሬኑን ትቶታል ማለት ነው፦ የፊት ፍሬኑ ታምቡር (ሸራዎቹ ከውስጥ የሚይዙት ክብ ብረት) 9 ኢንች ነው፣ የቪ8ቱ ግን 10 ኢንች ነበር። ዲፈረንሻሉም የደካማው ሞተር ነው። እንዲህ ያለው መኪና አይገዛም ማለታችን አይደለም፤ በቪ8 ዋጋ ግን አይገዛም።

አሁን ወደሚያሳስበን እንምጣ፣ ወደ አዲሱ ቀለም። ከፊት መስታወቱ በታች ያለው ባለ ቀዳዳ ላሜራ ካውል ይባላል። ዝናብ በዚያ ገብቶ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። ቅጠልና አፈር ሲጠራቀምበት ግን እርጥበቱ እዚያው ያድርና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ቀለም ቀቢ አይደርስበትም፣ ገዢም አያየውም። ሻጩን ያስፈቅዱና አንድ ሰው በግራም በቀኝም አራት አራት ሊትር ውሃ ቀስ እያለ ያፍስስ፤ እርስዎ የእጅ ባትሪ ይዘው ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዎ ይተኙ። ምንጣፉ ላይ አንድ ጠብታ ከወረደ ካውሉ ተበልቷል። ጥገናው ከባድ ነው፤ ፓራፋንጎዎቹና መስታወቱ ይወልቃሉ፣ የላይኛው ላሜራ የተያዘባቸው የነጥብ ብየዳዎች አንድ በአንድ በትሬፓን ተሰርስረው ይነሳሉ፣ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ይበየዳል። «ሲሊኮን ቀብቼ ዘግቼዋለሁ» የሚል ሻጭ ችግሩን ነገረዎት እንጂ አልፈታውም።

ደካማ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው የበሮቹን ታችኛ ጠርዝና ከኋላ ጎማው ጀርባ ያለውን ላሜራ ይፈትሹ። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። በተሳፋሪው በኩል የባትሪው መቀመጫ ሥር ማየትም አይርሱ፤ አሲዱ እዚያ ይንጠባጠባል።

ጥያቄ፦ የ1965 ሼቭሮሌት ሲ10 ፒካፕ አለኝ። የፊት ፍሬን ሸራዎቹን ራሴ ከቀየርኩ ወዲህ ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ይስበኛል። ሸራዎቹ አዲስ ናቸው። ምን ይሆን?
(ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለቱንም ታምቡር ያውልቁና ሸራዎቹን ጎን ለጎን ይዩ። መንታ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የአንደኛው ሸራ አጠር ይላል። አጭሩ ወደ መኪናው ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይገጠማል። ታምቡሩ ሲዞር የፊተኛውን ይዞት ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ከታች ባለችው ባለ ጥርስ ማስተካከያ በኩል የኋለኛውን ይገፋዋል። አብዛኛውን ጉልበት የሚሸከመው የኋለኛው ስለሆነ ነው ረጅም ሸራ የተሰጠው። አራቱን ከካርቶን አውጥቶ ሁለት ረጅም በአንዱ ጎማ፣ ሁለት አጭር በሌላው መግጠም የተለመደ ስህተት ነው። ለዚህ ነው አንዱን ጎን ሳይፈቱ ትተው ሌላውን መሥራት የሚሻለው፤ ሞላዎቹ እንዴት እንደነበሩ ከዚያኛው ያያሉ።

ገጣጠሙ ትክክል ከሆነ፣ ወደ ቀኝ ሲስብ ግራውን ይጠርጥሩ። ወደ ግራው ጎማ የፍሬን ዘይት የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ዘይቱ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ቀኙ ቀድሞ ይይዛል። ፔዳሉን ከለቀቁ በኋላም ግራው ጎማ ቶሎ ካልፈታ ጥርጣሬ አያስፈልግም፤ ሁለቱንም ቱቦ ይቀይሩ። በታምቡሩ ውስጥ ሸራዎቹን የሚገፋውን ሲሊንደር ጎሚኒ ጠርዝ በቀስታ ገለጥ ያድርጉ፤ ከሥሩ እርጥብ ከሆነ ሲሊንደሩ ያፈስሳል፣ ዘይት የነካው ሸራም አብሮ ይጣላል። የድሮ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕረሰር አይንፉት፤ በውሃ አርሰው ይጥረጉት።

ያልጠየቁንን እንጨምር። የ1965 ሲ10 ዋና የፍሬን ፓምፕ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው፦ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። በ1967 ሞዴል ሁለት ክፍል ሆነ። እኛ ከቀለም፣ ከክሮምና ከሬዲዮ በፊት ገንዘብ የምናወጣው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት ክፍል ሲገዙ ለአራት ታምቡር የሚሆን መሆኑን ይጠይቁ፤ ለዲስክ ፍሬን የተሠራው ሸራዎቹ ታምቡሩ አጠገብ እንዲቆዩ የሚያደርገው 10 ፒኤስአይ ግፊት ላይኖረው ይችላል። ከፍሬን መስመሩ አየር ሲያወጡ ከሩቁ ጎማ ይጀምሩ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት።

ጥያቄ፦ የ1968 ፎርድ ኤፍ100፣ 360 ሞተር። በበጋ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ነድቼ ካጠፋሁት አይነሳም፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ካርቡሬተሩን ቀይሬዋለሁ፣ ለውጥ የለም።
(ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ ካርቡሬተሩ ሳይቀየር የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ምርመራ ነበር። እምቢ ሲል ቁልፉን አጥፍተው የአየር ማጣሪያውን ያንሱና የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅ ይሳቡ። ቤንዚን ወደ ጉሮሮው በቀጭኑ ከተረጨ ነዳጅ አለ፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጡትን ቦቢናና ኮንደንሰር ይመልከቱ፣ ሁለቱም ሲግሉ የሚሞቱ ናቸው። ካልተረጨ ቤንዚኑ ፈልቶ ተንኗል። የዛሬው ቤንዚን ብዙ ጊዜ 10 ከመቶ ያህል ኢታኖል ስላለበት ከያኔው ይልቅ ቶሎ ይተንናል። ከካርቡሬተሩ ሥር ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ሙቀት የማያስተላልፍ ንጣፍ ያስገቡ፣ የቤንዚኑን መስመር ከጭስ ማውጫው ያርቁ፣ የድሮውን የጎማ መስመር ኢታኖል በሚችል ይተኩ። አሮጌው ውስጡ እየተፈረፈረ ማጣሪያውን ይደፍናል።

ጥያቄ፦ ማስታንጌን ወደ አዲስ አበባ ልልከው እችላለሁ?
(ከአትላንታ)

መልስ፦ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን በ2024 መጀመሪያ አስታውቃለች። ከጉምሩክ በጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ የመርከብ ኪራይ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ የቆመ የ1964 ኢምፓላ አለ። ከአሜሪካ አዲስ ሆሊ ካርቡሬተር አስመጥተን ገጠምን፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ይፈላል።
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለባሕር ጠለል ነው። እናንተ 2,300 ሜትር ላይ ናችሁ፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ቤንዚን የሚለኩትን ዋና ዋና ጄቶች በየ600 ሜትሩ አንድ ቁጥር፣ በጠቅላላው አራት ቁጥር ያህል ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ነድታችሁ ካንዴላውን ፍቱ፦ ጥቀርሻ ካለበት አሁንም በዝቷል፣ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ነጭ ከሆነ አሳንሳችሁታልና አንድ ቁጥር መልሱ። ከሞተሩ ጉልበት ሩብ ያህሉ በከፍታው ምክንያት እንደሚጠፋ ግን እወቁት፤ ጄት አይመልሰውም።

መፍላቱ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ ነው። የክዳኑን ጎሚኒ እዩት፣ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግፊት አይዝም። ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱ፤ የራዲያተሩንም ውሃ ግማሽ በግማሽ አንቲፍሪዝ አድርጉት።