ማዕበል ሲመታ ዕዳው ይሰረዛል ወይስ ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ በገላን የሠፈራችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። በክረምት ጎርፍ የሱቋን ዕቃ የወሰደባት አንዲት አባላችን ክፍያዋን እንድናቆይላት ጠየቀች፤ ደንባችን ስለማይፈቅድ ጠቅላላ ጉባኤ እስኪጠራ ቅጣቱ ተደራረበባት። ግሬናዳ የምትባል ደሴት ግን ማዕበል ስለመታት ዕዳዋን መክፈል አቆመች ሲባል ሰማሁ። ተሰረዘላት ማለት ነው?

መልስ፦ አልተሰረዘላትም፤ ተላለፈላት። ነገሩን ለመረዳት ወደ 2004 መመለስ ያሻል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ የዚህችን ትንሽ የካሪቢያን ደሴት የዓመት ምርት እጥፍ የሚያህል ሀብት አወደመ። የገውዝ ዛፎቿ ከነሥራቸው ተነቀሉ፤ አዲስ የተተከለ ገውዝ ደግሞ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈጅበታል። የወለዱ መክፈያ ቀን ግን ዛፍ እስኪያፈራ አይጠብቅም። አገሪቱ በ2005 ከአበዳሪዎቿ ጋር ተደራደረች፣ በ2013 እንደገና መክፈል አቃታት፤ በ2015ቱ ስምምነት ግን ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታት ክፍያው እስከ አንድ ዓመት እንዲተላለፍ የሚፈቅድላት አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገባች። ሐምሌ 2024 ቤሪል የተባለው ማዕበል ካሪያኩ የተባለችውን ደሴቷን ሲያፈርስ አንቀጹ ሥራ ላይ ዋለ።

የተላለፈው ወለድ በዋናው ዕዳ ላይ ስለሚደመር ሸክሙ አይቀልም፤ የሚገኘው ጥቅም ገንዘቡ ጣሪያ መልሶ ለመክደን በሚያስፈልግበት ሰዓት በእጅ መቆየቱ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስምምነቱ ከአደጋው በፊት መጻፉ ነው። ከአደጋ በኋላ የሚደረግ ልመና ምን ያህል እንደሚጓተት እኛም እናውቀዋለን፤ ኢትዮጵያ በ2021 መጀመሪያ የዕዳ ሽግሽግ ጠይቃ ከመንግሥታት አበዳሪዎች ጋር በመርህ ደረጃ የተስማማችው በመጋቢት 2025 ነው። ብዙዎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ደግሞ የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከፍ ያለ ስለሚመስል ለድሆች አገሮች በተዘጋጀው የዕዳ ስረዛ እንኳ አልታቀፉም። አንድ ሌሊት የዓመታት ገቢን ሊወስድ እንደሚችል ያ መለኪያ አያሳይም፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።

ማኅበራችሁ ደንቡን ሲያሻሽል አንድ ነገር ከግሬናዳ ይውሰድ፦ አንቀጹ የሚነሣው በተበዳሪዋም በአበዳሪዎቿም ግምት ሳይሆን፣ የካሪቢያን አገሮች የጋራ የአደጋ መድን ተቋም በሚያሰላው የጉዳት መጠን ነው። በእናንተም ዘንድ ጉዳቱን የሚመሰክረው ከማኅበሩ ውጭ ያለ አካል ይሁን፤ የሚተላለፈው የወራት ብዛትም በቁጥር ይጻፍ።