ርችቱን ከየት ሆነን እንየው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለፈው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጆቹን ይዘን አንድ ሆቴል አጥር ሥር ቆምን፤ ርችቱ የሚተኮሰው ከግቢው ውስጥ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ግን ያየነው ጭስ ብቻ ነው። አንገታችንም ተቀጨ። ዘንድሮስ የት እንቁም?
እናት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህታችን፣ ከመጠን በላይ ተጠግታችኋል። ባለሙያ የሚተኩሰው ርችት ከቱቦ ውስጥ የሚወነጨፍ ጥቅል ነው፤ የሚፈነዳበትን ከፍታ የሚወስነው በዋናነት የጥቅሉ ውፍረት ነው። በየ25 ሚሊሜትሩ 30 ሜትር ብላችሁ አስቡት። 75 ሚሊሜትሩ 90 ሜትር ገደማ፣ 125 ሚሊሜትሩ 150 ሜትር ገደማ ወጥቶ ይፈነዳል። ከመተኮሻው 100 ሜትር ብቻ ርቆ የቆመ ሰው ይህን ትልቁን ለማየት ቀና የሚለው 56 ዲግሪ ነው፤ ሩብ ሰዓት እንዲህ መቆም አንገት አይችለውም። 300 ሜትር ላይ ወደ 27 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህ ምቹ ነው። ከ250 እስከ 500 ሜትር ያለውን ርቀት የምንመርጠው ለዚህ ነው። ከርችቱ የሚወድቀው ስብርባሪና አመድም እዚያ ድረስ እምብዛም አይደርስም።

ቦታውን በቀን ሂዱና በእጃችሁ ለኩት። ክንድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ በአግድም ሲያዝ፣ ከታች እስከ ላይ ያለው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። (የልጅም እጅ ይሠራል፤ ጭብጡ ቢያንስም ክንዱም ያጥራል።) በዐይን ትክክል ጀምራችሁ አንዱን ጭብጥ በአንዱ ላይ ደራርቡ። ወደ መተኮሻው አቅጣጫ ያለው ሕንፃ ወይም ዛፍ ሁለት ጭብጥ ከደረሰ 300 ሜትር ላይ ሆናችሁ የምታዩት ትልልቆቹን ብቻ ነው፤ ሦስት ከደረሰ እነሱም ይጋረዳሉ። ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ 35 ሜትር አካባቢ ነው፤ 50 ሜትር ፊት ለፊታችሁ ከሆነ ከሦስት ጭብጥ ይበልጣል። ይኸው ሕንፃ 200 ሜትር ሲርቅ አንድ ጭብጥ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሰፊ መንገድ ወይም አደባባይ ከፊቱ ያለው ቦታ፣ ሕንፃ ሥር ካለ ቅርብ ቦታ ይሻላል። ካዛንቺስና ፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤት ፈርሶ ብዙ ስለተገነባ አምና ጥሩ ያሳየ በረንዳ ዘንድሮ ላያሳይ ይችላል፤ ልኬቱን በየዓመቱ መድገም ግድ ነው።

የጭሱ ነገር ከርቀቱም ይብሳል። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱን ጭስ ይተዋል፤ ነፋስ ካልወሰደው ቀጣዩ የሚፈነዳው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። መጨረሻ ላይ በአንድ ላይ የሚለቀቀው ትልቁ ተኩስ የሚበላሸውም በዚህ ነው። ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ያለውን ባንዲራ እዩ፦ ባንዲራው ጫፉን የሚዘረጋበት አቅጣጫ ጭሱ የሚሄድበት ነው። እናንተ በተቃራኒው ቁሙ። ባንዲራው ከተኛ ነጠላችሁን በአንድ ጫፍ ይዛችሁ ልቀቁት፤ እሱም ካልተንቀሳቀሰ ማንም የትም ቢቆም ጭስ ያያል፤ ለዓይን የሚሆነው የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ ጳጉሜን ላይ ዝናብ አይጠፋም። ርችት በዝናብ ይተኮሳል?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ካፊያ አያስቀረውም፤ ቱቦዎቹ ይሸፈናሉ። የሚያስቀረው ኃይለኛ ነፋስና መብረቅ ነው። የሚያበላሸው ደግሞ ዝቅ ያለ ደመና ነው፤ ጥቅሉ ደመናው ውስጥ ገብቶ ሲፈነዳ ቀለሙ ጠፍቶ ብልጭታ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ከተማው ጥሩ መለኪያ አለው። ሰንጋ ተራ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ 209 ሜትር ይረዝማል። ምሽት ላይ ጫፉ ከታየ 150 ሜትር የሚወጣውም ይታያል ብላችሁ ተስፋ አድርጉ። የላይኛው ሩቡ በጉም ከተዋጠ ርችቱም ይዋጣል፤ ያን ጊዜ ቤት ሆኖ ቡና ማፍላት አያስቆጭም።

ጥያቄ፦ ግርግሩን ሽሽት ከእንጦጦ ብናየውስ?
ሁለት ጓደኛሞች

መልስ፦ ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ እስከ ቤተ መንግሥቱ ሰፈር በቀጥታ መስመር ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 100 ሜትር ስፋት ያለው ፍንዳታ ከዚያ ሲታይ ከሙሉ ጨረቃ አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን ነው። ድምፁ ከመጣ ደግሞ ከ20 ሰከንድ በኋላ ይመጣል። የከተማውን መብራት ለማየት ውጡ፤ ለርችት ብላችሁ ከሆነ አትድከሙ።

ጥያቄ፦ በክረምቱ ልጆቼን ይዤ ፍሎሪዳ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ዲዝኒ ወርልድ የሌሊት ርችቱ ላይ ሰው ይታፈናል ይባላል። እዚያስ የት ይቆማል?
አባት፣ ከቦሌ መንገድ

መልስ፦ የሚያወሩልዎት ማጂክ ኪንግደም በሚባለው ግቢ ያለውን ነው። ርችቱ የሚተኮሰው በዋናነት በግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ግንብ ጀርባ ሲሆን፣ የግንቡ ፊት ለፊት ላይ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ምስል ይለቀቅበታል። ስለዚህ እዚያ ከነፋሱም በፊት የሚታሰበው አቅጣጫ ነው፤ ከጎን ወይም ከኋላ የቆመ ሰው ምስሉ ያመልጠዋል። ግንቡ 57 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ከሥሩ መቆምም አይጠቅምም፤ ዝቅ ብለው የሚፈነዱትን ራሱ ግንቡ ይከልላቸዋል። ጥሩው ቦታ ከግንቡ ፊት ካለው ክብ አደባባይ የኋለኛው ጠርዝ አንስቶ እስከ ዋናው ጎዳና አጋማሽ ያለው፣ ከመንገዱ መሐል ነው። ጎዳናው ዳር ላይ ዛፍና የመብራት ምሰሶ ስላለ ከመቀመጥዎ በፊት በልጅዎ ቁመት ልክ ጎንበስ ብለው ይዩ። ለአደባባዩ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

ልጆቹ ያን ያህል መቆም ካልቻሉ መግቢያው ላይ ያለው የባቡር ጣቢያ ፎቅ አለ። ርቀት አለው፣ ግን ቀጥታ ያሳያል፤ ለመውጫውም ቅርብ ነው። እንደተጠናቀቀ ሁሉም ሰው ወደ ሞኖሬሉ (በአንድ ሐዲድ ወደሚሄደው ባቡር) እና ወደ ጀልባው ስለሚጎርፍ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ጎዳናው ላይ ቆዩ፤ ሱቆቹ ወዲያው አይዘጉም። በበጋቸው ነጎድጓድ የተለመደ ነውና ርችቱን ለመጨረሻው ቀን አያስቀሩት፤ ቢሰረዝ ሌላ ምሽት ይኖርዎታል። ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚለያይ በዕለቱ ይጠይቁ። ሲነግሩዎትም የእነሱ 9 ሰዓት የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት መሆኑን እንዳይረሱ።

ጥያቄ፦ እናቴ የመስቀል ደመራን በአካል ማየት ትፈልጋለች። ዕድሜዋ የገፋ ነው። መስቀል አደባባይ የትኛው ጋ ትቀመጥ?
ከለገሃር

መልስ፦ የአደባባዩ ደረጃዎች በደቡብ በኩል ቅስት ሠርተው ወደ ሰሜን፣ ወደ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ይመለከታሉ። መስከረም 16 ፀሐይ የምትጠልቀው በትክክል በምዕራብ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ በቅስቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ማለትም በቦሌ መንገድ በኩል የተቀመጠ ሰው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፀሐይን ፊት ለፊት ያያል። እናትዎን ከመሐል ወደ ምዕራብ፣ ወደ ስታዲየም በኩል ያስቀምጧቸው።

ከፍታውን በተመለከተ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በሰልፍ የሚሠሩት ቅርጽ ከታች አይነበብም፤ መሐለኛው ደረጃ ላይ ያምራል። ለእናትዎ ግን ከመሐሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ከመተላለፊያው ጥግ ይሁን፤ ሲደክማቸው ሰው ሳይረግጡ ይወጣሉ። ሥነ ሥርዓቱ ረጅም ነው። ፍተሻው ቦርሳ ባለው ላይ ይዘገያልና ውኃ፣ መድኃኒትና ጋቢ በእጅ ይያዝ። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ የኋለኛውን ሰው ይከልላል፤ ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሻላል። ከአደባባዩ ሥር 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ቢኖርም የዚያን ቀን መንገዶቹ ስለሚዘጉ በእሱ አይመኩ። ፖሊስ ቀደም ብሎ የሚዘጉትን መንገዶች ያሳውቃል፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለች አንዲት ቦታ መርጣችሁ መኪናው እዚያ ይጠብቃችሁ።

ደመራው ሲለኮስ ሁሉም ይነሣል፤ ምሰሶው ወዴት እንደወደቀ ለማየትም ሕዝቡ ወደፊት ይገፋል። ያን ጊዜ እናትዎ ተቀምጠው ይቆዩ። አመዱን ግንባራቸው ላይ ለመቀባት ግፊያው እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ አንድ ልጅ ሄዶ ቢያመጣላቸውም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ርችትን ነጭ ጉድፍ አድርጎ ያወጣዋል።
ከሜክሲኮ

መልስ፦ ፍላሹን ያጥፉ፣ ሌንሱን ይጥረጉ፣ ምስሉን በዙም አያቅርቡ። የመጀመሪያው ሲፈነዳ ስክሪኑ ላይ እሱን ተጭነው ይያዙ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ የብርሃኑን ምልክት ወደታች ይሳቡት። ካሜራ ካለዎት በማቆሚያ ላይ አድርገው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ f/8፣ የመክፈቻው ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ይሞክሩ። ቀለሙ አሁንም ከነጣ ሰከንዱን ሳይሆን ቀዳዳውን ወደ f/11 ያጥብቡት። ጭሱ ሳይበዛ መጀመሪያ ላይ ያንሱ።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ሕፃን ይዞ መሄድ ይቻላል?
ወጣት ወላጆች

መልስ፦ ከ500 ሜትር ወዲህ አትቅረቡ። ለማረጋገጥ ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ስለዚህ አንድ ሰከንድ ተኩል ካልሞላ ቅርብ ናችሁ። ጆሮ ላይ የሚደፋው የሕፃናት መከላከያ ይግዙ፤ ጥጥ መወተፍ ድምፁን እምብዛም አይቀንስም፣ ወደ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከተዘጋ መስኮት ጀርባ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ ማሳየት ነው። መብራቱ ከበራ መስታወቱ የሚያሳያችሁ ራሳችሁን ነው።