ለወጣት የጤና ተመራማሪዎች፦ ከግምታችሁ ጋር ያልገጠመውን ውጤት አትጣሉ

ውድ ልጆቼ፣

ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወደ ሕክምና ምርምር የገባችሁም ሆነ ልትገቡ የምታስቡ ወጣቶች ባገኛችሁኝ ቁጥር፣ ቀጣዩ የመተንፈሻ አካላት ወረርሽኝ ሲመጣ ምን ይዘን እንጠብቀው ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አዳዲሶቹን መሣሪያዎች ከእኔ በተሻለ የሚያስተምሯችሁ አሉ። እኔ የዕድሜዬን አብዛኛውን ክፍል ናሙና በመመርመርና ውጤት በማገናዘብ ያሳለፍኩ ሰው እንደ መሆኔ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ ልላችሁ እወዳለሁ፤ ከጠበቃችሁት ጋር አልገጥም ያለውን ውጤት አትጣሉት።

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውና የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወሰው ወረርሽኝ በዚያው ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በከተማይቱ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው ከዚያ ዘመን በወረስነው ልማድ ነው። በወቅቱ የነበሩት ታላላቅ የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች የበሽታውን መንስኤ እናውቀዋለን ብለው ያምኑ ነበር፤ ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 ከታማሚዎች አክታ ያገኘው ባክቴሪያ ነው ይሉ ነበር። ወረርሽኙ ሲስፋፋ ግን በብዙ ላቦራቶሪዎች ይህ ባክቴሪያ ከበርካታ ታማሚዎች ሊገኝ አልቻለም። ባክቴሪያው ደም ከሌለበት ማብቀያ ላይ ስለማያድግ፣ ያላገኘው ባለሙያ ስህተቱን ከራሱ አሠራር ይፈልግ ነበር እንጂ የታመነበትን ሐሳብ ለመጠርጠር የደፈረው ጥቂት ነው። ከደፈሩት መካከል በቱኒስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ሻርል ኒኮልና ሻርል ለባይ ይገኙባቸዋል፤ እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1918 የታማሚ አክታን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጣርተው የተጣራው ፈሳሽ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አሳዩ። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ግን ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ ፌሬት በተባለ ትንሽ እንስሳ ላይ ባደረጉት ምርምር ነው። የፋይፈር ባክቴሪያም ቢሆን ምንም ጉዳት የሌለው አልነበረም፤ ዛሬ ለሕፃናቶቻችን የሚሰጠው አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት ከሚከላከላቸው አንዱ የዚሁ ባክቴሪያ ዓይነት ነው። ሆኖም ወረርሽኙን ያመጣው እርሱ አልነበረም፤ ይህንንም ቀድሞ የተናገረው ባዶ ሆኖ የቀረው የላቦራቶሪ ሳህን ነበር።

ወደ እኛው ዘመን ስንመጣ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ እየላክን እናስመረምር የነበርን ሰዎች ምርመራውን እዚሁ መሥራት ጀምረን ነበር። ይህ የሆነው ለኤችአይቪና ለሳንባ ነቀርሳ ተብለው የተደራጁ ላቦራቶሪዎችና በእነርሱ ውስጥ እጃቸውን ያፍታቱ ባለሙያዎች ስለነበሩ ነው። የቫይረሱን ዘረመል በዙር በዙር እያባዛ የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ከውጭ ሲያዩት ማሽኑ የሚሠራው ይመስላል፤ የሚፈትነው ግን ሰውን ነው። ፕሌት በሚባለው የናሙና ሳህን ላይ ካሉት 96 ጉድጓዶች ቢያንስ አንዱ የማንም ናሙና ያልገባበት ኔጌቲቭ ኮንትሮል ነው። ሌሊት ነው እንበል፤ ፕሌቱ አልቋል፣ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ውጤት የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ስልኩ ይጮኻል። የየጉድጓዱን ውጤት የሚያሳዩትን መስመሮች አንድ በአንድ ስታዩ ባዶ መሆን የነበረበት ጉድጓድ 37ኛው ዙር ላይ ቀስ ብሎ ቀና ማለት ጀምሯል። ዘግይቶ የመጣ ነውና ምንም አይደለም የሚል ሐሳብ ያኔ ይመጣባችኋል። ያ መስመር የሚላችሁ ግን ከፈሳሽ መለኪያው ፒፔት፣ ከመመርመሪያ ኬሚካሉ ማለትም ከሪኤጀንቱ ወይም ከጠረጴዛው ላይ ብክለት አለ፣ እንግዲህ በዚህ ፕሌት ላይ ዘግይቶ የወጣ ፖዘቲቭ ሁሉ አይታመንም ነው። ጠረጴዛው ይጸዳ፣ አዲስ ሪኤጀንት ይከፈት፣ ሥራው ከሥሩ ይደገም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ የሚፈሰው የሰው ሕይወት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ሐኪሙ ሳንባው በኤክስሬይ ነጭቶ የሚታይ፣ ትንፋሽ ያጠረው ታማሚ ልኮላችሁ ከአፍንጫው የተወሰደው ናሙና ኔጌቲቭ ቢሆን፣ ሐኪሙ ተሳስቷል አትበሉ። በሽታው በገፋ ጊዜ ቫይረሱ ከላይኛው የመተንፈሻ አካል ጠፍቶ ሳንባ ውስጥ ሊቀር ይችላልና ከታችኛው የመተንፈሻ አካል የተወሰደ ናሙና ጠይቁ።

ስለ ሕክምና ምርምርም ልናገር፤ በዚህ ዘመን ከታዩት ሥራዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት የወባ መድኃኒቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮሮናን ያድናል የሚለው ወሬ ከሐኪም እስከ መሪ ድረስ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። በተቃራኒው ዴክሳሜታሶንን የመሳሰሉ ስቴሮይዶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ለዚህ በሽታ እንዲሁ እንዳይሰጡ የዓለም ጤና ድርጅት መክሮ ነበር። በብሪታንያ በፒተር ሆርቢና በማርቲን ላንድሬ የተመራው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት ሁለቱንም መድኃኒቶች በዕጣ ለተለዩ የሆስፒታል ታማሚዎች በመስጠት መዘናቸው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከወሰዱት በ28 ቀናት ውስጥ 27 በመቶ ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት የሞቱት 25 በመቶ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ጥቅም አልነበረውም። ዴክሳሜታሶን ግን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት መካከል የሟቾችን ድርሻ ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ዝቅ አደረገው። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ፣ ርካሽና ያረጀ መድኃኒት ነው።

ከዚህ ውጤት ውስጥ ደጋግማችሁ እንድታዩልኝ የምፈልገው ሦስተኛውን ቁጥር ነው። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው ታማሚዎች መካከል ዴክሳሜታሶን ከተሰጣቸው የሞቱት 17.8 በመቶ ሲሆኑ ካልተሰጣቸው 14 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚህ ታማሚዎች ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ይህን ቁጥር ከጥሩ ዜናው ሥር አልደበቁትም፤ ስለዚህም ስለ በሽታው ጠባይ ትልቅ ነገር ተረዳን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጎዳው የቫይረሱ መራባት ሲሆን መከላከያችንን ማዳከም አይገባም፤ በኋላ ግን ሳንባን የሚያቃጥለው የራሳችን መከላከያ ከልክ ማለፍ ነው፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመውም ያኔ ነው። በከተሞቻችን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ገና ትኩሳት ሲሰማቸው ስቴሮይድ ለሚውጡ ሰዎች ይህን ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው፤ በጣም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው።

ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ቫይረስ ዝርያ የታወቀበትም መንገድ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2021 ደቡብ አፍሪካ፣ ጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያሉ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የመመርመሪያ ኪት ሦስት የቫይረሱን ክፍሎች ይፈልግ ነበር። ሁለቱ እየወጡ ኤስ የተባለው ጂን የሚጠፋባቸው ናሙናዎች መብዛት ጀመሩ። ታማሚው ፖዘቲቭ መሆኑን ለመናገር ሁለቱ ይበቁ ነበርና ሪፖርቱን ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። በዚያ ሰሞን ተሠራጭቶ የነበረው ዴልታ የተባለው ዝርያ ግን ይህን ጂን አያጠፋም፤ ባለሙያዎቹ ይህን አስተውለው ናሙናዎቹን ለዘረመል ቅደም ተከተል ምርመራ ላኩ። በደቡብ አፍሪካ የሚሠራው የዘረመል ተመራማሪ ቱሊዮ ደ ኦሊቬራና ባልደረቦቹ ግኝቱን ለዓለም ያሳወቁት እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ነው፤ በማግስቱም የዓለም ጤና ድርጅት ኦሚክሮን ብሎ ሰየመው። ብዙ ሀብታም አገሮች መልስ የሰጡት በረራ በመዝጋት ነበር፤ ይህ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቀድሞ የተናገረ አገር ሊመሰገን ይገባው ነበር። እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ አለቃ ሊቆጣ፣ ቱሪስት ሊቀር ይችላል። ቢሆንም ኮንትሮላችሁን አረጋግጡ፣ ደግማችሁ መርምሩ፣ ሌላ ላቦራቶሪ እንዲያየው አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ዝም አትበሉ።

በመጨረሻ ስለ ናሙና አያያዝ። የኅዳር በሽታን ያመጣው የእ.ኤ.አ. 1918ቱ ቫይረስ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉ በሙሉ ሊነበብ የቻለው በወረርሽኙ የሞቱ ወታደሮች የሳንባ ቁራጭ በሰም ውስጥ ተቀምጦ ስለ ቆየና ተመራማሪው ዮሃን ሁልቲን አላስካ ውስጥ ብሬቪግ ሚሽን ከተባለው መንደር፣ ከበረዶ ሥር ካለ መቃብር ናሙና ስላመጣ ነው። ወታደሮቹን የመረመሩት ሐኪሞች የቫይረሱን ማንነት አያውቁም ነበር፤ የሆነውን መዝግበው አስቀመጡ እንጂ። እንግዲህ ዛሬ ለማስረዳት ያቃታችሁን ናሙና ቦታ ጠበበ ብላችሁ አታስወግዱት። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተወሰደበትን ቀንና ቦታ፣ የታማሚውን ዕድሜ፣ በሽታው ከጀመረ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነና ያገኛችሁትን ግራ የሚያጋባ ውጤት ብርድ በማያለቅቀው መለያ ላይና በመዝገብ ላይ ጻፉ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ እወቁ።