ምንጩ አልደረቀም፣ ቫልቩን ፍታው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «48 ዲግሪ የሚሞቅ ፍል ውሃ በቧንቧ ወደ መታጠቢያ ስቤያለሁ። የቀድሞው ሠራተኛ ‹ግፊት ለመቀነስ› ብሎ ምንጩ አጠገብ ጌት ቫልቭ (በመዘውር የሚወርድና የሚወጣ ውሃ መዝጊያ) ገጥሞ በግማሽ ዘግቶታል። በስድስት ወር ውስጥ ፍሰቱ ግማሽ ሆነ፤ ነጭ ቅርፊት ይዟል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ምንጩ እየደረቀ ይሆን?»

ወንድሜ፣ አይመስለኝም። ቧንቧውን ምንጩ ጋ ፍታና ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለካ። ውሃው እንደ ድሮው ከሆነ ጥፋቱ የዚያ ቫልቭ ነው።

ይህን ሳልናገር አላልፍም። የዝናብ ውሃ በስንጥቅ ወደ ምድር ጥልቅ ይሰርጋል። ወደ ታች በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። ውሃው ሞቆ በሌላ ስንጥቅ ሽቅብ ይመለሳል። መንገድ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ይኮመጥጥና የኖራ ድንጋይ ያሟሟል። ጋዙ ውስጡ እስካለ ኖራው አይታይም። ግፊቱ ሲወርድ ግን ልክ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ጋዙ ያመልጣል፣ ኖራውም ድንጋይ ሆኖ ይለጠፋል። በፍል ውሃ ዙሪያ የሚታየው ትራቨርቲን የሚባለው የኖራ ድንጋይ የተሠራው እንዲህ ነው። በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ውስጥ ውሃው በጠባቧ ቀዳዳ ሲሾልክ ግፊቱ ድንገት ይወድቃል። ሰውዬው የገጠመልህ ቫልቭ ሳይሆን የድንጋይ ፋብሪካ ነው!

ምንጩ የታጠረበት ሳጥን ክዳን ካለው ብቻህን እንዳትገባ። የሚሸትህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

ቅርፊቱን ፈቅፍቀህ አቼቶ ጠብ አድርግበት። ከተንጨረጨረ ኖራ ነው፤ በሲትሪክ አሲድ ይለቃል። ዝም ካለ ሲሊካ (የአሸዋ ዓይነት ማዕድን) ሊሆን ይችላልና አትድከም፣ ቧንቧውን ቀይረው። ጥቁር ዝቃጭ ካየህ አሲድ ሲነካው ያንኑ መርዝ ይለቃል፣ ስለዚህ የምትዘፈዝፈው ደጅ ነው። በረኪና በአጠገቡ አይድረስ።

ጌት ቫልቩን ጣለው። በቦታው ሙሉ ቀዳዳ ያለው ቦል ቫልቭ (ውስጡ ያለው ብስ ኳስ እየዞረ የሚከፍትና የሚዘጋ) ግጠም፤ ሁልጊዜም ሙሉ ለሙሉ ክፍት ይሁን። መቆጣጠሪያውን መታጠቢያው ጋ አድርገው። ኖራው እዚያም ይይዛል፣ ግን እጅህ ይደርሳል። ግራና ቀኙ ዩኒየን (ቧንቧ ሳይቆረጥ የሚፈታ ማያያዣ) ይኑረው፣ ሲደፈን በአምስት ደቂቃ ትፈታዋለህ። ላዩ የሚያብረቀርቅ ርካሽ ነሐስ አትግዛ፤ ሰልፋይድ አጥቁሮ ይበላዋል። ለ48 ዲግሪ ፒፒአር (ሙቅ ውሃ የሚችል ፕላስቲክ) ይበቃል።

ልትፈታ ስትሄድ ሰው ይዘህ ሂድ። ክዳኑን ከፍታችሁ በደንብ ሳይናፈስ አንገትህንም ወደ ውስጥ አታስገባ።