«የኒውትሮን ምንጭ» ወይስ «የኒውትሮን ማመንጫ»?

ጥያቄ፦ በጎንደር የፊዚክስ መምህር ነኝ። በውህደት ኒውትሮን የሚያስገኘውን መሣሪያ «የኒውትሮን ምንጭ» ብዬ ባስተምር አንድ ባልደረባዬ «ማመንጫ ነው የሚባለው» ብለው አረሙኝ። ልክ የሆነው የትኛው ነው?

መልስ፦ ስለዚህ መሣሪያ ከሆነ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «ምንጭ» የወጣው «መነጨ» ከሚለው የማይሻገር ግሥ ስለሆነ ሰው ሳይነካው ራሱ የሚፈልቀውን ያመለክታል፤ «ማመንጫ» ግን እንደ መፍጫና ማጣሪያ የመሣሪያ ስም ነው፣ «አመነጨ» የተባለውም ግሥ አድራጊ ይሻል። የጎንደር ሰው ልዩነቱን ለማየት ሩቅ አይሄድም፤ ለጥምቀት የቀሃ ወንዝ ውሃ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚገባበት ቦይ ይከፈታል፣ ይዘጋልም፤ ምንጭን ግን ማን ይዘጋዋል?

ነገሩም ከሰዋስው ጋር ይስማማል። ካሊፎርኒየም 252 የተባለው ንጥረ ነገር አስኳሉ በራሱ እየተሰነጠቀ ቀንና ሌሊት ኒውትሮን ይለቅቃል፤ ማጥፊያ የለውም፣ የሚደክመውም በጊዜ ብቻ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 2.6 ዓመት ያህል ነው። እሱ በእውነት ምንጭ ነው። በውህደት በሚሠራው መሣሪያ ግን የዲዩቴሪየም (ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት) አየኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ተገፍተው ትሪቲየም (ከዲዩቴሪየም የሚከብድ ሌላ የሃይድሮጅን ዓይነት) ካዘለ ብረታ ብረት ጋር ይላተማሉ፤ ሁለቱ አስኳሎች ሲዋሐዱ ሂሊየም ይገኛል፣ ኒውትሮኑም 14.1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዞ ይወጣል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ኒውትሮኑም ይቋረጣል። የነዳጅ ጉድጓድ የድንጋይ ንብርብር የሚመረምሩና በታሸገ ጭነት ውስጥ ፈንጂ የሚፈልጉ ባለሙያዎች የሚወዱትም ስለዚሁ ነው፤ በመጓጓዣና በመጋዘን ኒውትሮን አይረጭምና። (ትሪቲየሙ ራሱ ጨረራዊ ስለሆነ ጥንቃቄው ጨርሶ አይቀርም።)

ሁለቱን ዓይነት በአንድነት ሲያነሡ ግን «ምንጭ» ማለት አያስነቅፍም፤ የወል ስም ሆኖ ያገለግላል።

«ውህደት» የሚለውን ቃል ብቻውን ባይተዉት እመርጣለሁ። በኬሚስትሪ «ውህድ» ስንል አተሞቹ ይጣመራሉ እንጂ አስኳሎቻቸው አይነኩም፤ እዚህ ግን አስኳል ከአስኳል ገብቶ ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል። ተማሪ ሁለቱን እንዳያምታታ «የአስኳል ውህደት» ይበሉ፤ መሣሪያውንም «በአስኳል ውህደት የሚሠራ የኒውትሮን ማመንጫ»።