ፎረፎርና ቆረቆር አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ራስ ላይ ነጭ ቅርፊት አየሁ። እኔ ፎረፎር ነው አልኩ፤ እናቴ ቆረቆር ነው አለች። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው እንዴ? ደግሞስ ልጁ «ራሴ ይበላኛል» ይበል ወይስ «ራሴን ይበላኛል»?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ስሙን ስንስት መድኃኒቱንም እንስታለን።

ሁለቱም ተነባቢዎቻቸውን ደግመው የተሠሩ ናቸው። ምናልባት የሚያምታታው ይኸው የድምፅ መመሳሰል ነው። ፎረፎር የምንለው ከራስ ቆዳ እየረገፈ ትከሻ ላይ የሚበተነውን ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። የሚበረታው ከጉርምስና ወዲህ ነው፤ የራስ ቆዳ ወዝ የሚበዛው ያኔ ነዋ። ቆረቆር ግን ተላላፊ የፈንገስ በሽታ ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ልጆችን ነው። ቦታ ቦታ ይዞ ጸጉር ይመልጣል። በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በጸጉር መቁረጫ ይጋባል።

ስለዚህ በ7 ዓመት ልጅ ራስ ላይ ከሆነ እናትዎ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጸጉሩ የሳሳበት ወይም የተመለጠበት ቦታ ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቆረቆር በሻምፑ ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። «ቆረቆራም» የሚለው ቃል ስድብ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። ልጆች በሽታውን የሚደብቁት አንድም ለዚህ ነው።

ፎረፎር ከሆነ ግን ቤት ውስጥ መቆጣጠር ይቻላል። ለትልቅ ሰው ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። አረፋውን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ራስ ላይ ማቆየት ነው ዋናው። ብዙ ሰው ወዲያው አለቅልቆት «አልሠራልኝም» ይላል። ቅቤ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል እንጂ ፎረፎሩን አያጠፋውም። እንዲያውም ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይመገባል። ሎሚም የተላጠ ቆዳ ያቃጥላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ «ራሴን ይበላኛል» ይበል። «ሆዴን ቆረጠኝ»፣ «ራሴን አመመኝ» እንደምንለው ነው። ጭንቅላቱ በላተኛ አይደለም፤ የሚበላው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሳንጠራው እናልፋለን። ልጥራው ካለም «ፎረፎሩ ራሴን ይበላኛል» ይላል፤ «ን» ከቦታዋ አትነቃነቅም። በንግግር ስትዋጥ ይሰማል። በጽሑፍ ግን አትቅር።